«አንቲቫይረሱ ሥራ አስፈታን»፦ ከአንዲት የሒሳብ ባለሙያ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግንባታ ዕቃዎች አስመጪ ድርጅት በሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ስድስት ኮምፒዩተሮች አሉን። ከአራት ወር በፊት ድርጅቱ የደኅንነት ሶፍትዌር ገዝቶ በሁሉም ላይ ካስጫነ ወዲህ ሰላም አጥተናል። የጸሐፊያችንን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ‹የቁልፍ ሰላይ› ብሎ ለይቶ ማቆያ ውስጥ ከተተባት፤ የሒሳብ ፕሮግራማችን ፒችትሪ ከዋናው ኮምፒዩተር ጋር አልገናኝ አለ፤ ዎርድና ኤክሴልን ያለ ፈቃድ የከፈትንበትን ክራክ ሰረዘውና ፕሮግራሞቹ ፈቃድ ይጠይቁን ጀመር፤ ከቅርንጫፍ በኢሜይል የሚላክልኝ የደመወዝ ኤክሴልም ከላዩ ቀይ መስመር እያወጣ አልሠራ ብሏል። ሥራ አስኪያጃችን ‹ዝጉትና ሥራችሁን ሥሩ› ይላሉ። አልፎ አልፎ የሚመጣው የአይቲ ባለሙያ ደግሞ ‹እነዚህን ሁሉ ጣሏቸው› ይላል። የወር መዝጊያዬ ደርሷል። የማንን ልስማ? ጸሐፊያችንም የአሥር ዓመት ደብዳቤዎቼ ሊጠፉብኝ ነው ብላ ተጨንቃለች።»

ውድ ጠያቂያችን፣

ሥራ አስኪያጅዎና የአይቲ ባለሙያው የተቃረኑ ይመስላሉ እንጂ የተሳሳቱት በአንድ ነገር ነው። ሁለቱም አራት የማይገናኙ ጉዳዮችን እንደ አንድ ቆጥረው፣ አንዳቸው ሁሉንም የውሸት ጩኸት፣ ሌላቸው ሁሉንም እውነተኛ አደጋ አድርገውታል። እኔ ደብዳቤዎን ሳነበው ግን የክራኩ ማስጠንቀቂያ በሚገባ ትክክል ነው፤ የመጻፊያው ፕሮግራም ማስጠንቀቂያ የተጋነነ ቢሆንም ምክንያት አለው፤ የፒችትሪው ነገር ማስጠንቀቂያ ሳይሆን በስሕተት የተዘጋ በር ይመስላል፤ የደመወዙ ኤክሴል ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በላይ ሊያስጨንቅዎ አይገባም። ስለዚህ የማንን ልስማ ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ የሁለቱንም አይስሙ የሚል ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ግን በዝርዝር ላስረዳ።

የደኅንነት ሶፍትዌር ስለ ፕሮግራሙ ጥቅም የሚያውቀው ነገር የለም። ፒችትሪ ምን እንደሆነ፣ ጸሐፊዋ መጻፊያዋን ለምን እንደምትወደው አያውቅም። የሚያየው በዚያ ኮምፒዩተር፣ በዚያ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠውን ያንን ፋይል ብቻ ነው። የሚፈርደውም በሦስት ዓይነት ማስረጃ ነው። አንደኛው አሻራ ነው፤ ፋይሉ ከዚህ ቀደም ከተያዘ ጎጂ ፕሮግራም ጋር አንድ ከሆነ ይይዘዋል፤ እንዲህ ያለው ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ አያወላዳም። ሁለተኛው ጠባይ ነው፤ ፋይሉ የማይታወቅ ቢሆንም የሚያደርገው ነገር ሌቦች ከሚያደርጉት ጋር ከተመሳሰለ ይጠረጥረዋል። ሦስተኛው ዝና ነው፤ በዓለም ላይ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚጠቀሙበት፣ ሠሪው በዲጂታል ፊርማ ያልፈረመበት ፋይል ከሆነ፣ ምንም ባያጠፋም እንግዳ ነውና ያስቆመዋል። ለአማርኛ ተጠቃሚዎች የተሠሩ ፕሮግራሞች በብዛት የሚወድቁት በዚህ በሦስተኛው ወንፊት ነው፤ ተጠቃሚያቸው ከዓለም ሲታይ ጥቂት ነውና።

እንግዲህ ማስጠንቀቂያ በመጣ ቁጥር መጠየቅ ያለብዎ «ፒችትሪ ደኅና ፕሮግራም ነው ወይ?» ብለው አይደለም፤ «በዚህ ኮምፒዩተር ላይ ያለው ቅጂ ከየት መጣ?» ብለው ነው። ያው አንድ ስም የያዘ ፕሮግራም ከሠሪው እጅ ሲመጣ አንድ ነገር ነው፤ ከአንድ የሥልጠና ማዕከል በፍላሽ ተገልብጦ፣ ከዚያ በጓደኛ ላፕቶፕ አልፎ ሲመጣ ሌላ ነገር ነው። በመሐል ማን ምን እንደጨመረበት ስሙ አይነግርዎትም።

ከዚህ ጋር አንድ ልማድ ያዳብሩ። ማስጠንቀቂያው ሲወጣ ከመዝጋትዎ በፊት ሙሉ ስሙን ይጻፉት፤ በስልክ ፎቶ ቢያነሡትም ይበቃል። «ሃክ ቱል» (የሰባሪ መሣሪያ)፣ «ትሮጃን» (ደኅና መስሎ የሚገባ ጎጂ ፕሮግራም)፣ «ፒዩኤ» የሚሉት ቃላት አንድ አይደሉም። የመጨረሻው የማይፈለግ ሊሆን የሚችል ፕሮግራም ማለት እንጂ ቫይረስ ማለት አይደለም። በማይክሮሶፍት ዲፌንደር ላይ ደግሞ የስሙ መጨረሻ «ኤምኤል» በሚሉት ሁለት ፊደላት ካለቀ፣ ፍርዱ የመጣው ከታወቀ አሻራ ሳይሆን ማሽኑ ከተማረው ግምት ነው ማለት ነው። «ቫይረስ አለ አለኝ» ብሎ ለአይቲ ባለሙያ መንገር ለሐኪም «አመመኝ» ብሎ ዝም እንደማለት ነው።

ሥራ አስኪያጅዎ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ውሸት ነው ያሉት ከሜዳ ተነሥተው እንዳልሆነም ልመስክርላቸው። ጠባቂው የሚሳሳትበት ጊዜ አለ፤ እባብ ያየ በልጥ ይደነግጣል እንደሚባለው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 2010 ማካፊ የተባለው የአንቲቫይረስ ኩባንያ ያወጣው ዕለታዊ ማሻሻያ የዊንዶውስ ኤክስፒን የራሱን አስፈላጊ ፋይል እንደ ቫይረስ ቆጥሮ በመያዙ በብዙ አገሮች ኮምፒዩተሮች ደጋግመው እየጠፉ ይነሡ ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2011 ማብቂያ ላይ ደግሞ የማይክሮሶፍት የራሱ አንቲቫይረስ የጉግልን ክሮም የባንክ ይለፍ ቃል ሰራቂ ነው ብሎ ከብዙ ሰዎች ኮምፒዩተር ላይ አስወግዶታል። ሁለቱም ስሕተቶች ወዲያው ታርመዋል።

ነገር ግን ይህን ታሪክ የሰሙ ሰዎች በ2023 ምን እንደደረሰባቸው ይመልከቱ። 3ሲኤክስ የተባለ ኩባንያ በዓለም ዙሪያ ከ600 ሺህ በላይ ድርጅቶች ይጠቀሙበታል ይለው የነበረውን የቢሮ ስልክ ፕሮግራም ይሠራል። በዚያ ዓመት እ.ኤ.አ. ከማርች 22 ጀምሮ የደኅንነት ሶፍትዌሮች ይህን ፕሮግራም መያዝ ጀመሩ። ፕሮግራሙ ከሠሪው የመጣ ነበር፤ ፊርማውም ትክክለኛ ነበር፤ ቢሮዎቹም ያለ ስልክ መሥራት አልቻሉም። ብዙዎች ሐሰተኛ ማንቂያ ነው ብለው ገመቱ። በሳምንቱ፣ ማርች 29 ቀን፣ ሰርጎ ገቦች የኩባንያውን የራሱን ማምረቻ ሰብረው ገብተው በፕሮግራሙ ውስጥ ሌላ ነገር መክተታቸው ታወቀ። በኋላ በተደረገው ምርመራ የጥፋቱ መነሻ አንድ የኩባንያው ሠራተኛ በግል ኮምፒዩተሩ ላይ የጫነው፣ አስቀድሞ የተበከለ ሌላ ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ።

ይህ ታሪክ «ቅጂው ከየት መጣ?» የሚለውን ጥያቄዬን በከፊል ያፈርስብኛል፤ አውቄ ነው ያመጣሁት። ከምንጩ የመጣም ሊበከል ይችላል። ስለዚህ ከጥያቄው ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር አለ፤ እርሱም ትዕግሥት ነው። ለይቶ ማቆያ የሚለው ቃል ከኮሮና ዘመን ወዲህ ለሁላችንም ግልጽ ነው፤ እዚያ የገባ ፋይል አልሞተም፣ አልተሰረዘም፣ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ የሚያስቸኩል ነገር ከሌለ ለሁለትና ለሦስት ቀን እዚያው ይቆይ። ሐሰተኛ ማንቂያ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠሪዎቹ ያርሙታል፤ ፋይሉን ከራሱ ከሶፍትዌሩ ውስጥ ለምርመራ መላክም ይቻላል። እስከዚያው የአይቲ ባለሙያው የፋይሉን አሻራ (ፋይሉን ከሌላው የሚለየውን የፊደልና የቁጥር ኮድ) ቫይረስቶታል በተባለው አገልግሎት ላይ ሊያየው ይችላል፤ አገልግሎቱ አንድን ፋይል ወደ 70 በሚጠጉ የመመርመሪያ ሞተሮች ያነጻጽራል። አንድ ወይም ሁለት ብቻ በተድበሰበሰ ስም ከጠረጠሩት ምናልባት ስሕተት ነው፤ ሃያ የሚሆኑት አንድ ዓይነት ስም ከሰጡት ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ብቻ የደመወዝ ዝርዝርዎን ወይም የደንበኞች ሰነድ ወደዚያ እንዳይጭኑ አደራ፤ የተጫነ ፋይል ለሌሎች የአገልግሎቱ ደንበኞች ሊታይ ይችላል። ለዚህ ነው አሻራውን ብቻ ይፈልግ ያልኩት።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ዎርድና ኤክሴልን የከፈታችሁበት ክራክ ላይ ከሶፍትዌሩ ጋር እስማማለሁ፤ የሚያስማማ ሐሳብም የለኝም። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርዎት። ማይክሮሶፍት ለትልልቅ ድርጅቶች የሰጠው አንድ አሠራር አለ፤ በድርጅቱ ውስጥ የተቀመጠ አንድ አገልጋይ ኮምፒዩተር ለሌሎቹ ፈቃድ ይሰጣል፣ ፈቃዱም በየ180 ቀኑ ውስጥ ይታደሳል። ኬኤምኤስፒኮ የተባለው ክራክና መሰሎቹ የሚያደርጉት በእርስዎ ኮምፒዩተር ላይ የሐሰት አገልጋይ አቁመው ፕሮግራሙን ማታለል ነው። ይህን ለማድረግ የኮምፒዩተሩ ሙሉ ሥልጣን ያስፈልጋቸዋል፤ ከበስተጀርባም ሳይቋረጡ መኖር አለባቸው። ገና ሲጫኑ የሚሰጡት የመጀመሪያ መመሪያም «በቅድሚያ አንቲቫይረሱን ያጥፉ» የሚል ነው። ለመግባት ዘበኛው እንዲነሣለት የሚለምን እንግዳን ቤትዎ ያስገቡታል?

«እኛ ግን ለዓመታት ስንጠቀምበት ምንም አልሆንም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ይህን የማይለኝ የለም። ችግሩ በኬኤምኤስፒኮ ስም የሚሰራጩት ቅጂዎች የቱ የመጀመሪያው፣ የቱ የተበከለው እንደሆነ የሚለይ ሰው አለመኖሩ ነው። በ2021 ማብቂያ ላይ ተመራማሪዎች በዚህ ስም ከሚሰራጩት ማስጫኛዎች ውስጥ ክሪፕትቦት የተባለ ሌባ ፕሮግራም ተሸጉጦ አግኝተዋል። ክሪፕትቦት ኮምፒዩተሩን አያበላሽም፣ አያዘገየውም፣ ማያ ገጹ ላይም ምንም አይጽፍም። በብራውዘሩ ውስጥ የተቀመጡትን የይለፍ ቃላት ሰብስቦ ልኮ ዝም ይላል። በአንድ አስመጪ ድርጅት ብራውዘር ውስጥ ምን ምን የይለፍ ቃል እንደሚቀመጥ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ስለዚህ «ምንም አልሆንም» የሚለው ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ክራኩ ያለፈባቸው ኮምፒዩተሮች መጀመሪያ ሰነዶቻቸው ተገልብጠው፣ ከዚያ ፎርማት ተደርገው ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ይጫን፤ አንቲቫይረሱ «ሰርዤዋለሁ» ማለቱ አይበቃም፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን። የባንክ፣ የኢሜይልና የቴሌግራም የይለፍ ቃላትን ደግሞ ክራክ ካልነካው ሌላ መሣሪያ፣ ለምሳሌ ከስልክ ላይ፣ ይለውጡ። በተጠረጠረው ኮምፒዩተር ላይ መለወጥ አዲሱንም ቃል አብሮ መስጠት ሊሆን ይችላል።

በምን እንሥራ ለሚለው፣ ስድስቱም ኮምፒዩተር የተገዛ ዎርድ ያስፈልገዋል ብዬ አላምንም። የሚጽፉትና የሚያነቡት መደበኛ ደብዳቤና ቀላል ሠንጠረዥ ብቻ ለሆኑ ባልደረቦች ሊብረኦፊስ በነጻ የሚገኝ፣ የዎርድና የኤክሴል ፋይል የሚከፍት፣ በአማርኛ ገጽታም የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ፋይሉን ሲከፍት የገጹ አሰላለፍ አንዳንዴ ይዛነፋል፤ ይህን ሳልነግርዎ ባልፍ ከሳምንት በኋላ ይወቅሱኛል። የእርስዎ የደመወዝ ሠንጠረዥ ማክሮ (በፋይሉ ውስጥ ተቀምጦ ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትንሽ ፕሮግራም) ያለበት ስለሚመስለኝ ለእርስዎ ግን እውነተኛ ኤክሴል ይገዛ፤ ለሥራ አስኪያጁም ከፈለጉ። ሁለት ፈቃድ መግዛትና ስድስት መግዛት በውጭ ምንዛሪ ለሚጨነቅ ድርጅት አንድ አይደለም፤ ፈቃድ በብር የሚሸጡ የአገር ውስጥ አከፋፋዮችም አሉ። ሲገዙ ግን የ2016 ወይም የ2019 እትም አይግዙ፤ የሁለቱም ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃውም በዚያው ዕለት ስለሆነ፣ ኮምፒዩተሮቹ በምን ላይ እንዳሉ የአይቲ ባለሙያውን አብረው ይጠይቁት። የፈቃዱን ሥነ ምግባራዊ ጎን ለሥራ አስኪያጅዎ ኅሊና እተወዋለሁ።

የጸሐፊያችሁ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እርሷም ሶፍትዌሩም ልክ ናቸው። አንድ የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በማንኛውም ፕሮግራም ላይ ስትጽፍ ፊደሉን ለመለወጥ እያንዳንዱን የቁልፍ ምት ወደ ዎርድ ከመድረሱ በፊት መጥለፍ አለበት። የይለፍ ቃል የሚሰልል ፕሮግራምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ከጠለፈው በኋላ በሚሠራበት ሥራ ላይ ብቻ ነው። ከውጭ የሚያይ ጠባቂ ደግሞ ሐሳብን ሳይሆን ድርጊትን ነው የሚያየው። በዚያ ላይ ፕሮግራሙ ያረጀ፣ ፊርማ የሌለው፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ ከፍላሽ ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ የኖረ ከሆነ በሦስቱም ወንፊት ላይ ቢያዝ አይገርምም።

ከሠሪው የተገዛው ሲዲ ካለ፣ ከእርሱ ላይ እንደገና ተጭኖ ያው ማስጠንቀቂያ ሲደገም የአይቲ ባለሙያው አሻራውን አይቶ ለዚያ አንድ ፋይል ብቻ፣ በእርሷ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ፣ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። ሲዲው ከሌለ ግን መጻፊያውን መለወጥ ነው የምመክረው፤ ምክንያቴም ደኅንነት ብቻ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር ወደሚሰጠው የኮምፒዩተር መስፈርት፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2007 ወዲህ፣ የአማርኛ መጻፊያና የአማርኛ ፎንት ከዊንዶውሱ ጋር አብረው ይመጣሉ። ኪይማንም በነጻ የሚገኝ፣ እስካሁን እየታደሰ ያለ መጻፊያ ነው። እነዚህ በዩኒኮድ ስለሚጽፉ ደብዳቤው በስልክም፣ በቴሌግራምም፣ በሌላ ቢሮም ያለ ልዩ ፎንት ይነበባል። አሥር ዓመት የለመደ ጣት ግን በአንድ ቀን አዲስ የቁልፍ ሰሌዳ አይለምድም፤ ባልደረባዎ ለሁለት ለሦስት ሳምንት በዝግታ ስትጽፍ ማንም እንዳይቆጣት ከሥራ አስኪያጁ አስቀድመው ቃል ይቀበሉላት። ብዙ ጊዜ ጥሩ ለውጥ የሚከሽፈው ይህን ጊዜ በመንፈግ ነው።

ወደ ፒችትሪ ስመጣ፣ በደብዳቤዎ ላይ «ተሰረዘ» ወይም «ተያዘ» አላሉም፤ «አልገናኝ አለ» ነው ያሉት። ይህ ብዙ ይለያያል። ፒችትሪ መረጃውን የሚያኖረው ፐርቬሲቭ በተባለ የመረጃ ቋት ውስጥ ነው፤ የእርስዎ ኮምፒዩተር ዋናውን ኮምፒዩተር የሚያናግረውም በዚያ በኩል ነው። አዲሱ የደኅንነት ሶፍትዌር የራሱን ፋየርዎል (በመረቡ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚቆጣጠር በረኛ) ይዞ ስለመጣ ይህን መተላለፊያ ሳያውቀው ዘግቶት ይሆናል። ለአይቲ ባለሙያው ንገሩት፤ በዋናው ኮምፒዩተር ላይ 1583 እና 3351 የተባሉት መተላለፊያዎች (ፖርቶች) ለቢሮው የውስጥ መረብ ብቻ ይከፈቱ፤ የቢሮው መረብም በዊንዶውሱ ላይ «የግል» ተብሎ መመዝገቡ ይረጋገጥ። ከኢንተርኔት በኩል እንዲከፈቱ ግን በምንም ምክንያት አይፍቀዱ። በሥራ ሰዓት ፕሮግራሙ ቢንቀራፈፍ የኩባንያው መረጃ የሚቀመጥበት ፎልደር ብቻ ከቅጽበታዊ ፍተሻ ሊወጣ ይችላል፤ ሌሊት ወይም ቅዳሜ ከሰዓት ግን ይፈተሽ።

ከዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት በምሠራበት አንድ ቢሮ ውስጥ የሒሳብ ፕሮግራሙ ዘገየ ሲሉኝ፣ የትኛው ፎልደር እንደሆነ ለመፈለግ ሰንፌ ሲ ድራይቭን በሙሉ ከፍተሻ አወጣሁት። «ነገ አስተካክለዋለሁ» ብዬ ነበር። ነገው ስምንት ወር ሆነ፤ በመካከሉ ከአንድ ፍላሽ የገባ ቫይረስ በመረቡ ላይ ያሉትን ፎልደሮች ሁሉ አቋራጭ ምልክት አድርጓቸው ሦስት ቀን ሙሉ ሥራ ቆመ። አንቲቫይረሱ በዚያ ሁሉ ጊዜ አረንጓዴ ምልክቱን እያሳየ ተቀምጦ ነበር። ፈቃድ ሲሰጥ ከፋይል ይጀመር፣ ካልሆነ ወደ አንድ ፎልደር ይውጣ፣ ከዚያ ግን አይለፍ የምለው ለዚህ ነው። ዳውንሎድ የሚቀመጥበት ፎልደር፣ ዴስክቶፑና ፍላሽ ደግሞ ጨርሶ ከፍተሻ የሚወጡ ቦታዎች አይደሉም።

የፒችትሪዎ ቅጂ ከየት እንደመጣ አልነገሩኝም። ሠሪው ኩባንያ ስሙን ወደ «ሴጅ 50» ከለወጠው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ፒችትሪ የሚለውን ስም የያዘ እትም ሁሉ እንግዲህ ማሻሻያ የማይወጣለት አሮጌ ነው። አሮጌ መሆኑ ብቻውን አያስጥለውም፤ የሚሠራበት ሰው ከሠራበት ይሥራበት። ነገር ግን በክራክ የተጫነ ከሆነ ከላይ ያልኩት ሁሉ ለእርሱም ይሠራል። በየትኛውም መንገድ ቢመጣ፣ ዋናው ኮምፒዩተር ለሒሳብ ብቻ ይዋል፤ ኢሜይል አይከፈትበት፣ ፌስቡክ አይታይበት፣ ፍላሽ አይሰካበት። የፕሮግራሙ መጠባበቂያ ቅጂ በየዕለቱ ወጥቶ በውጫዊ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ ዲስኩም ከተገለበጠ በኋላ ተነቅሎ ካዝና ውስጥ ይግባ፣ እንደተሰካ የሚያድር መጠባበቂያ ዋናው ሲቆለፍ አብሮ ይቆለፋልና። በወር አንድ ቀን ደግሞ ከመጠባበቂያው ላይ መልሶ መክፈት መቻሉን ይሞክሩት።

የደመወዙ ኤክሴል አጭር ነው። ማይክሮሶፍት ከ2022 ጀምሮ ከኢንተርኔት ወይም ከኢሜይል በመጣ ፋይል ውስጥ ያሉ ማክሮዎችን ራሱ ይዘጋል፤ ቀዩ መስመር ይኸው ነው፣ ከገዛችሁት ሶፍትዌር ጋርም ላይገናኝ ይችላል። ፋይሉን የላከውን የቅርንጫፍ ባልደረባዎን ደውለው «ዛሬ ልከህልኛል?» ብለው ያረጋግጡ፤ ከዚያ ፋይሉን አስቀምጠው፣ በቀኝ ቁልፍ ባሕርያቱን («ፕሮፐርቲስ») ከፍተው፣ ከታች ያለውን እገዳውን የሚያነሣ ምልክት («አንብሎክ») ይንኩ። መደወሉን አይዝለሉት፤ የባልደረባዎ ኢሜይል ተሰርቆ ቢሆን ደብዳቤው የሚመጣው በእርሱው ስም ነው።

የቀረው ሥራ አስኪያጅዎን ማግባባት ነው። «እኛን ማን ያጠቃናል?» ሳይሉ አይቀሩም። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2017 በዩክሬን የሆነውን ይንገሯቸው። በዚያ አገር ድርጅቶች ለግብር ሥራ ከሚጠቀሙባቸው የሒሳብ ፕሮግራሞች የአንዱ ማሻሻያ ተበክሎ ኖትፔትያ የተባለው ጥፋት ተለቀቀ። የዴንማርኩ የመርከብ ድርጅት ማርስክ ዒላማው አልነበረም፤ ነገር ግን ከ200 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ኪሳራ እንደደረሰበት አስታውቋል። ለአስመጪ ድርጅት ማርስክ ሩቅ ስም አይደለም፤ ኮንቴይነሮቻችሁም በእርሱ መርከብ መጥተው ይሆናል። ጥፋቱ የገባው በሒሳብ ክፍሉ በር መሆኑን ይጨምሩላቸው።

ከዚያ ሶፍትዌሩን መዝጋት የሚለውን ሐሳብ በጽሑፍ ወደ ፈቃድ መስጠት ይለውጡት። አንድ ተራ ደብተር ይያዙ። የትኛው ፋይል ወይም ፎልደር እንደተፈቀደ፣ በየትኛው ኮምፒዩተር፣ ቅጂው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደፈቀደና እስከ መቼ እንደሚቆይ ይጻፍበት፤ በየመስመሩ ሥራ አስኪያጁ ይፈርሙ። ይህን የምለው ለቢሮክራሲ ካለኝ ፍቅር አይደለም። አሁን ባለው ሁኔታ «ፍቀድ» የሚለውን ቁልፍ የሚጫኑት እርስዎ ነዎት፤ ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር ስምዎ ብቻ ነው የሚነሣው። እንዲያውም በየዕለቱ የምትሠሩበት የኮምፒዩተር መግቢያ ተራ ተጠቃሚ ይሁን፤ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ከአይቲ ባለሙያውና ከሥራ አስኪያጁ ጋር ይቀመጥ። ፊርማ የሚጠየቅበት ነገር ሲሆን ብዙ «አስቸኳይ» ፈቃድ ሳይቸኩል ሲቀር አይቻለሁ።

ለዚህ ወር መዝጊያ እንዲህ ያድርጉ። ዛሬ የፒችትሪውን መጠባበቂያ ያውጡ፤ ነገ ባለሙያው መጥቶ መተላለፊያውን ይክፈት፤ ደመወዙን ከላይ ባልኩት መንገድ ይክፈቱ፤ ለደብዳቤ ደግሞ ሊብረኦፊስን በሁለት ኮምፒዩተር ላይ ያስጭኑ። ክራኩን ለአንድ ሳምንትም ቢሆን አይመልሱት። ፎርማቱ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ ይደረግ፤ የይለፍ ቃላቱ ግን ዛሬውኑ ይለወጡ፤ ባንክ የሚገባበት ኮምፒዩተርም ፎርማት እስኪደረግ ባንክ አይከፈትበት።

ለጸሐፊያችሁም ይህን ይንገሩልኝ። የአሥር ዓመት ደብዳቤዎቿ አልጠፉም። የተያዘው መጻፊያው ነው፤ ደብዳቤዎቹ የዎርድ ፋይሎች ሆነው በነበሩበት አሉ። ስትከፍታቸው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ከታያት ከመጻፊያው ጋር የድሮው ፎንት ስለተነሣ ነው። የድሮ ፎንቶች በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ የሚያለብሱ ነበሩ፤ ልብሱ ሲወልቅ ከሥር ያለው ላቲን ይታያል። ፎንቱ ከመጻፊያው የተለየ ፋይል ነው፤ የቁልፍ ምት አይጠልፍም፣ በሶፍትዌሩም አብዛኛውን ጊዜ አይያዝም። የአይቲ ባለሙያው ፎንቱን ብቻ መልሶ ይጫንላት። ከዚያ ደጋግማ የምትፈልጋቸውን ደብዳቤዎች ወደ ፒዲኤፍ ትለውጣቸው፤ መጀመሪያ አንዱን ለውጣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ከፍታ ትየው። በየወሩ እያስተካከለች የምትልካቸውን ጥቂት ደብዳቤዎች ደግሞ አዲሱን የቁልፍ ሰሌዳ መለማመጃ አድርጋ በዩኒኮድ እንደገና ትጻፋቸው።